ከልጃችን ግንብ አጠገብ

ባለቤቴ እንኳን ሰው ዝንብ ስትገድል አይቻት አላውቅም። ይህችው ሴት ግን ሃያ ሺህ ፈረሰኛ አሰልፋ ስታዘምት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ልጃችን ከቤት የወጣች ዕለት ነው። አንዲት ልጅ ናት ያለችን። ድልድይ የሚነድፍ መሥሪያ ቤት ቀጥሯት፣ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ወደሚያስኬድ ከተማ ልትሄድ ሻንጣዋን ሞልታ ስታበቃ፣ እናቷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ከሻንጣው ቁልፍ ጋር እየታገልኩ ነበር። ሥራዬ ቁልፍ መሥራት ነው፤ በገዛ ልጄ ሻንጣ መረታት ሞት መስሎ ታየኝ።

"ስልክሽን አምጪ እማ፣ ጌም ልጫንልሽ።"

"የምን ጌም? እኔ ሕፃን ነኝ?"

"የሕፃን አይደለም፣ የጦርነት ነው።"

"በዚህ ዕድሜዬ ጦርነት! ደግሞ ማንን ልወጋ?"

"ስሚኝ እስቲ። እኔና አንቺ ስልክ ስናወራ 'ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ' ብለን ሁለት ደቂቃ አይሞላንም። እዚህ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ሆነን የምንሠራው ሥራ ይኖረናል።"

እውነቷን ነው። እነሱ ወሬ አይሆንላቸውም። ባለቤቴ የምትሠራው የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ ኖራለች። ልጅቷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ገብታ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዛ ነው ያደገችው። ሁለቱ ሲዋደዱ ያየሁት ሥራ ላይ ነው፤ ሲያወሩማ ይጣላሉ።

ጌሙን ለማያውቅ ልንገር። እያንዳንዱ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ግንብ ይሰጠዋል። ስንዴ ይዘራል፣ እንጨት ይቆርጣል፣ ወታደር ያሠለጥናል። ብቻውን የቆመ በሳምንቱ ዶግ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰዎች ኅብረት ፈጥረው ግንባቸውን አጠጋግተው ይሠራሉ፣ አንዱ ሲወጋ ሌላው ይደርስለታል። የልጄ ኅብረት "ንቦቹ" ይባላል። ሃምሳ ሰው ነው፤ ከሃምሳ በላይ ጌሙ አይቀበልም። ከየአገሩ የተሰበሰቡ፣ በስም እንጂ በመልክ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው "አውራ" ይባላል፣ የሒሳብ መምህር ነው አሉ። ልጄ ለእናቷ "እናት ንብ" የሚል ስም አወጣችላትና ግንቧን ከራሷ ግንብ አጠገብ፣ አጥር ለአጥር ተከለችላት። ከዚያ እኔ ከሻንጣው ቁልፍ ጋር ታረቅኩ፣ ልጃችንም ሄደች።

የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ደስ ይል ነበር! ባለቤቴ በምሳ እረፍቷ የፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣ ስንዴ ትሰበስባለች። ቤት ስትመጣ ስልኩን የስኳሩ ዕቃ ላይ አስደግፋ ሽንኩርት ትከትፋለች። ከልጅቷ ጋር የሚጻጻፉትን አንዳንዴ ጮክ ብላ ታነብልኛለች።

"እማ፣ እንጨት አለቀብኝ።"

"ልኬልሻለሁ። ምሳ በላሽ?"

"ጠላት በምዕራብ በኩል እየመጣ ነው!"

"ቆይ፣ ድስቱን ላውርድ።"

እኔ "የጦር ሚኒስትሯ" እያልኩ አሾፍባት ነበር። ስትሸነፍ አልቀርባትም፣ ስታሸንፍ ደግሞ ሻይ አፍልታ ትጠራኛለች። የኅብረቱ ሰዎችም ትልቅ ሰው መሆኗን ሲሰሙ "እናታችን" እያሉ አንቱ ይሏት ጀመር። እሷም የሰዉን ሁሉ ስንዴ ማነስ እንደ ራሷ ጓዳ ታውቀዋለች።

በሁለተኛው ዓመት ልጃችን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አለቃ ሆነች። ከዚያ አገባች። ከዚያ አረገዘች። በጌሙ ውስጥ ከእያንዳንዱ ሰው ስም ጎን መጨረሻ የገባበት ቀን ይጻፋል። በልጃችን ስም ጎን መጀመሪያ "ከገባች ሁለት ቀን" አለ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን። ከዚያ አርባ። ሕፃኑ ሲወለድ ባለቤቴ ልትሄድ ፈቃድ ብትጠይቅ "የእንግዳ ወቅት ነው" ብለው ከለከሏት። የአማችን እናት እዚያው ከተማ ስለምትኖር አራሷን እሷ ተንከባከበቻት። የኔዋ የሕፃኑን ፎቶ በስልክ አየች፤ አፍንጫው ያንተ ነው አለችኝ፤ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስልክ እንደዋወላለን፣ አልተቋረጠም። ግን ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ወተቱ ይገነፍላል፣ "መልሼ እደውላለሁ" ይባላል። ባለቤቴ ስለ ጌሙ አንድም ቀን አንስታላት አታውቅም። ይልቅስ ከሠራዊቷ ሃያ ሺህ ፈረሰኛ ቀንሳ ባዶው የልጅቷ ግንብ ውስጥ አስገባች። በየቀኑም ስንዴ ትልክለታለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ልጅቷ ቤት ዘበኛ እያቆምኩ።"

"ለምን አትነግሪያትም? አንዴ ብቅ በይ በያት።"

"በልመና የሚገኝ ሰው አልፈልግም" አለችና የስልኩን ፊት በጉርድ ቀሚሷ ጠረገችው።

አራት መቶ አሥራ አራተኛው ቀን ላይ አውራው የድምፅ መልእክት ላከ። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁ መማሪያ ክፍል ውስጥ ያረጀ ነው።

"እናታችን፣ እንደምን ዋሉ? ጊንጦቹ እሑድ ሊመጡብን ነው።" ጊንጦቹ የጠላት ኅብረት ናቸው። "ወደ ሰፈራችን የሚያስገባውን የተራራውን በር ከያዙት አለቀልን። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የልጅዎን ቦታ ለሚዋጋ ሰው እንፈልገዋለን። የእርስዎም ሃያ ሺህ ፈረሰኛ ባዶ ቤት ነው የሚጠብቀው።"

ባለቤቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ "ባዶ ቤት አይደለም ልጄ" አለች። "ባለቤቷ ወጣ ብላ ነው።"

አውራው መለሰ። "እሺ። እስከ እሑድ እንጠብቃት።"

በማግስቱ አላስችል አለኝ። ሱቄን ከከፈትኩ በኋላ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ለልጄ ደወልኩላት።

"አባዬ! ምን ሆናችሁ? እማ ታመመች?"

"ማንም አልታመመም። ስለ ጌሙ ነው።"

"የቱ ጌም?"

የቱ ጌም አለች። ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት፦ ስንዴውን፣ ዘበኛውን፣ የቀኑን ቁጥር፣ እሑድን። ከበስተኋላ ሕፃኑ ማንኪያ የመሰለ ነገር ሲቀጠቅጥ ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ስልኬ ላይ የለም" አለች። "ስወልድ ስልኬ ሞላብኝ፤ የልጁን ፎቶ የማስቀምጥበት አጣሁና አጠፋሁት። የይለፍ ቃሉንም ረስቼዋለሁ። እማም የተወችው ነው የመሰለኝ። እሷ እኮ ለኔ ብላ ነበር የምትጫወተው።"

"አሁንም ላንቺ ብላ ነው።"

"ምን ልበላት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። እኔ የማውቀው ቁልፍ ነው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የሞረድኩት ቁልፍ አንድም አልገጠመ። ሦስት አበላሸሁ። ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልኩ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠረገች፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካች፣ መነጽሯን አደረገች። እኔ ከጎኗ ወንበር ሳብኩ። ውጭ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ውስጥ ጊንጦቹ ከተራራው ማዶ እንደ ውሃ ሙላት ይወርዳሉ። ቀይ ምልክት ሁሉ ጠላት ነው አለችኝ። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ።

ግማሽ ሰዓት ያህል በሩ ላይ ተያያዙ። ባለቤቴ ሳታያቸው ጣቶቿ ይሠራሉ፤ ለአንዱ ስንዴ፣ ለሌላው ወታደር። ከዚያ በድንገት ከቀዮቹ ገሚሱ ዞሮ ወደኛ ሰፈር አቀና። ወደ ልጃችን ግንብ።

"ውጊያውን ለሁለት ሊከፍሉት ነው" አለች። "እዚያ ፈረሰኛ እንዳለ ሰልለዋል።"

አውራው በድምፅ ገባ። "እናታችን፣ ፈረሰኞቹን ወደ በሩ ያውጧቸው! መንገዱ ስድስት ደቂቃ ነው፣ በሩ የሚቆየው ግን ሰባት ቢሆን ነው!"

ሁለቱ ግንቦች ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። የልጃችን ጣራ ሰማያዊ ነው፣ ልጅቷ ራሷ የመረጠችው። ከዚያ ባለቤቴ መነጽሯን አወለቀችና ዞራ አየችኝ።

"ባዶ ነው፣ አይደል?" አለችኝ።

በሦስት ዓመት ስለዚህ ጌም አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። መዋሸት እችል ነበር። ትገባለች፣ ትንሽ ጠብቂ ማለት እችል ነበር። ዓይኗን ሳይ ግን አቃተኝ።

"ባዶ ነው" አልኳት።

መነጽሯን መለሰች። ስክሪኑን አንዴ ነካችው። ሃያ ሺህ ፈረሰኛ ከልጃችን ግንብ በር ወጥቶ፣ አቧራውን እያስነሳ ወደ ተራራው ጋለበ። ጊንጦቹ ባዶውን ግንብ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አቃጠሉት። ሰማያዊው ጣራ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ እሳት ሆነ፣ ቀጥሎ ከቦታው ጠፋ። ፈረሰኞቹ በሩ ሊሰበር ሲል ደረሱ። ጊንጦቹ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ንቦቹ አሸነፉ። ስልኩ በምስጋና ተጥለቀለቀ፦ "እናታችን ዕድሜዎን ያርዝመው"፣ "እናታችን ባይኖሩ ጉዳችን ነበር"። አላነበበችውም። አጥር ለአጥር የነበረው ቦታ ላይ የበቀለውን ሣር እያየች ነበር።

"አንተ እንዴት አወቅክ?" አለችኝ።

ነገርኳት። መደወሌን፣ ስልኳ ላይ አለመኖሩን፣ የፎቶውን ነገር ሳይቀር።

"ማን ላከህ?" ብላ ተነሳች። "ማን ሽማግሌ አደረገህ? እኔ ልጄን የማስጠራ ሰው ነኝ?" የታጠበውን ብርጭቆ ሁሉ አውርዳ እንደገና ታጥብ ጀመር። አጠገቧ ቆሜ ፎጣ ብይዝላት ከእጄ ነጠቀችኝ። ልክ ናት፣ ምን እላለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኩ ጮኸ። ልጃችን ናት። የእናቷ እጅ ውሃ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"እማ።"

"አቤት።"

"ግንቤ እንዴት ሆነ?"

"ተቃጠለ" አለች ባለቤቴ። "እኔው ነኝ ጥዬው የሄድኩት።"

"ደግ አደረግሽ እማ።"

"ምን ደግ አደረግኩ! ያ ሁሉ ስንዴሽ ነደደ!" አለችና ስንዴ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ።

ከወዲያ ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ወዲያው ሳቅ መሆኑን ተወ። ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ መስኮቱ ጋ ሄጄ የልጆቹን ኳስ የማይ መሰልኩ።

"እማ፣ የተወሽው መስሎኝ ነው። በቀን አንዴ እንኳ ቁጭ ማለት ከቻልኩ..."

"አውቃለሁ። እኔም ወልጃለሁ። አንቺን ወቀስኩሽ?" ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው። "ናፍቀሽኛል።"

ልጃችን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ባለቤቴ ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ አልሰማሁም። "በላሽ?" ትላለች፣ "ሹራብ ደርቢ" ትላለች፣ ይህንን ግን አትልም።

"ነይ" አለቻት ልጅቷ።

"ሥራስ?"

"ሆቴሉ አንሶላውን ራሱ ይጠፍ። ነይ እማ። ልጁ አያቱን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቃት፤ ስልክ ባየ ቁጥር 'አያ' ይላል።"

በማግስቱ ባለቤቴ አለቃዋ ፊት ቆማ ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወይ ፈቃድ ወይ ስንብት አለቻቸው። ሦስት ሳምንት ሰጧት። አውራው የልጃችንን ቦታ በዚያው ሳምንት ለአንድ ነርስ ሰጠው፤ ለባለቤቴ ግን "እርስዎ እስኪመለሱ ግንብዎን እኛ እንጠብቃለን፣ ሐሳብ አይግባዎት" ብሎ ጻፈላት። አመስግና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አውቶቡሱ የሚነሳው ጠዋት ነው። መስኮት ጋ አስቀመጥኳት፣ ሻንጣዋን ከላይ ጫንኩላት፣ የውሃ ጠርሙሷን እንዳትረሳ ሦስት ጊዜ ነገርኳት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጇን አላወዛወዘችም፤ በጣቷ "ምሳህን ብላ" የሚል ምልክት አሳየችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሱቅ እያለሁ ደወለች። ደርሻለሁ፣ ልጁ ከፎቶው ይበልጣል፣ አፍንጫው ያንተ አይደለም፣ ተሳስቻለሁ አለችኝ። ልጃችን ከጎን "አባዬ!" ብላ ጮኸች። ልመልስላት ስል ሕፃኑ አለቀሰና "ቆይ አንዴ" ብላ ባለቤቴ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አኖረችው። መዝጋቱን ረሱት።

እኔም አልዘጋሁትም። ውሃ ሲቀዳ ይሰማል። በር ይከፈታል። ባለቤቴ "እንዲህ አይደለም፣ ጫፉን ያዢው" ትላለች፣ ልጃችን "እማ፣ እሱን አውቃለሁ" ብላ ትነጫነጫለች፤ ሕፃኑ ስም የሌለው ዘፈን ይዟል። አንድ ደንበኛ ገብቶ "ቁልፌ ደረሰ?" ሲለኝ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በርጩማውን አሳየሁት። ሰውየው ግራ ገብቶት ተቀመጠ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን እናዳምጥ ጀመር።