ክፉዋ አማት ፊቷን ስታሳይ

እኔ በሬዲዮ ክፉ ነኝ። በቤቴ ዝንብ ማባረር እንኳ ይከብደኛል፤ በሬዲዮ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምራቴን ሳሰቃይ ኖሬአለሁ። አስርቤያታለሁ፣ ደብዳቤዋን ደብቄያለሁ፣ አንድ ጊዜማ መርዝ ሁሉ ገዝቼላት ነበር፤ ደራሲው ሐሳቡን ቀየረና ለአይጥ ዋለ። አድማጮቼ «እሬቷ» ይሉኛል። ታክሲ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ «ያቺን እሬት ምድር አፏን ከፍታ ትዋጣት!» ሲል አንገቴን እየነቀነቅኩ አጅባለሁ። መናገር ግን አልችልም፤ አንድ ቃል ከወጣኝ ሹፌሩ ዞር ይላል። ድምፄን አገር ያውቀዋል፣ ፊቴን የሚያውቀው የሰፈር ባለሱቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ ይጣፍጣል፤ ያልቀመሰ አያውቀውም።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ አዲሱ አለቃችን ሰበሰበን። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ልጅ ነው። ቆሞ፣ «ሬዲዮ ሞቷል» አለ። እኛም ለቀብር የመጣን መስለን ቁጭ አልን።

«ከእንግዲህ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ ብሎ መለያየት የለም። ሁሉም አንድ ነው! ከመጪው ማክሰኞ ጀምሮ ስቱዲዮው ውስጥ ካሜራ ይገባል። ድምፃችሁ በሬዲዮ፣ ፊታችሁ በስልክና በቴሌቪዥን፣ የሕዝቡ አስተያየት ደግሞ ከሥራችሁ እየተንከባለለ፤ በአንድ ጊዜ፣ በቀጥታ!»

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ፍቅረኛው ነው፤ ቀስ ብሎ መላጣውን ዳሰሰ። የድራማው ፍቅረኛ ማለቴ ነው፤ ድምፁ ማር ነው፣ ሴቱ ሁሉ በስሙ ይምላል። ዕድሜው ግን ስልሳ ሊሞላ ነው፣ ቦርጩም ቀድሞት ነው ቤት የሚገባው። ዝናቡንም በሩንም የፈረሱንም ድምፅ በእጁ የሚሠራው ሰውዬአችን፣ «እኔስ በካልሲ ነው የምሠራው፤ ጫማ ይንቋቋብኛል» አለ። ምራቴን ሆና የምትጫወተው አልቃሻዋም እንደ ልማዷ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ግን አላለቀስኩም። ትዝ ያለችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት።

ልብስ ሰፊዋ የልጄ እጮኛ እናት ናት። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ይህች ሴትዮ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ሬዲዮ አስቀምጣ የእኔን ድራማ ሳትሰማ የዋለችበት ማክሰኞ የለም። የምትሰማው ደግሞ በዝምታ አይደለም። መርፌ በጥርሷ ይዛ፣ እግሯ መኪናውን እየረገጠ፣ «አንቺ የእባብ ልጅ! ቆይ ብቻ!» እያለች ትመልስልኛለች። ገና ልጆቹ ሲተዋወቁ ለልጇ እንዲህ አለቻት አሉ፦ «ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው። እንደ እሬቷ ያለ ድምፅ ያላት አማት ብታመጪብኝ፣ ከሠርግሽ መሀል እጅሽን ይዤ እመለሳለሁ።»

ልጄ ይህን ሰምቶ ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የመብራት ሽቦ የሚዘረጋ ሠራተኛ ነው፤ ከምሰሶ ላይ ሆኖ የማይፈራ ልጅ አንዲት ልብስ ሰፊ ፈርቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ። «እማዬ፣ መጀመሪያ ትውደድሽ፤ ከዚያ እንነግራታለን» አለኝ። እኔም የእናት ነገር፣ እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ቤቷ ስሄድ አንገቴን በሻሽ ጠመጠምኩና በሹክሹክታ፣ «ጉንፋን ይዞኛል» አልኳት። በሁለተኛውም ጉንፋን። በሦስተኛውም። ስድስት ወር ሙሉ ጉንፋን! ምስኪኗ ሎሚ በማር በጥብጣ አጠጥታ አጠጥታ ማር አስጠላችኝ። ልጅቷ ነርስ ናት፤ እናቷ «እስኪ ጉሮሮዋን እዪላት» ስትላት ባትሪ አብርታ አየችኝና፣ «ትንሽ ቀላ ብሏል» አለች። እሷም ምስጢሩን ታውቃለች። እሷም እንደ ልጄ ፈሪ ናት፤ ለዚህ ይሆናል የተዋደዱት።

ነገሩ ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ ፊቴን ታውቀዋለች፣ ድምፄንም ታውቀዋለች፣ ሁለቱን ግን አንድ ላይ አይታ አታውቅም። አለቃችን ደግሞ በመጪው ማክሰኞ ሊያጋባቸው ነው።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ከመጋረጃ ጀርባ አድርገኝ» ብዬ ለመንኩት።

«ምን ነካሽ እትዬ? ሕዝቡ ማየት የሚፈልገው አንቺን እኮ ነው! ፍቅረኛውን ብሸፍነው ይሻለኛል።»

ሻሽ ልጣል፣ መነጽር ላድርግ፣ ልታመም፤ ሁሉንም አልኩ። ወይ ፍንክች!

እሁድ ዕለት ቆረጥኩ። ሄጄ በገዛ አንደበቴ እነግራታለሁ፣ ያለው ይምጣ። በሩን ከፍቼ ስገባ ልብስ ሰፊዋ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። «መጣሽልኝ! ሰማሽ አይደል? ማክሰኞ ያቺን እሬት በዓይናችን ልናያት ነው! ይኸው ልጄ ስልኬን አስተካክላልኛለች፣ ጎረቤቶቼንም ጠርቻለሁ። ወይ ጥርሷ ገጣጣ ነው፣ ወይ ዓይኗ ሸውራራ ነው፤ እኔ ተወራርጃለሁ። አንቺም ነይ!»

አፌን ከፈትኩ። እግዜር ያያል፣ ልናገር ነበር። አየችኝና፣ «እ? ምን ልትዪ ነው?» አለች። «ጉንፋኔ…» አልኩ በሹክሹክታ። ሎሚውን ጠጥቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ራሴን የሰደብኩትን ስድብ ደራሲያችን ቢሰማው ደመወዙን ይለቅልኝ ነበር።

ማክሰኞ ደረሰ። ካሜራው ሦስት እግር አውጥቶ ከፊታችን ተገተረ። ፍቅረኛው ቆብ አድርጎ፣ ሆዱን በቀበቶ ጠፍንጎ መጣ፤ ጥፍነጋው ትንፋሽ ስላሳጠረው ማር የነበረው ድምፁ እንደ ጡሩንባ ይነፋል። ሰውዬአችን ለክብሩ አዲስ ካልሲ ገዝቷል። አለቃችን ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ጣቱን ቀሰረ፤ ጀመርን።

የዕለቱ ትዕይንት ምራቴን በዝናብ ከቤት የማባርርበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔና አልቃሻዋ አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ማይክራፎን ነው የሠራነው። እሷ ደግሞ ዝም ብላ አታለቅስም፤ እንባዋ የሚመጣው ሰው ሲያባብላት ነው። ስለዚህ እኔ በአንድ እጄ ወረቀቴን ይዤ እየጮህኩባት በሌላው እጄ ጀርባዋን አሻሻለሁ፣ መሐረብ አቀብላለሁ፣ አንገቷን ደረቴ ላይ አስደግፋለሁ። ማን ያየናል? ልማድ ሆኖብናል። በልምምድም ጊዜ ማንም «ተዉ» አላለን፤ እኛም ካሜራ ማለት ዓይን መሆኑን ረስተነዋል።

«ውጪ ከቤቴ!» ብዬ አንባረቅኩ፤ ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ መለስኩላት።

«በዚህ ዝናብ የት ልሂድ?» አለች እየተንሰቀሰቀች። ሰውዬአችን አጠገባችን ተንበርክኮ በአትክልት ማጠጫ ሳፋ ውስጥ ውኃ ያንቆረቁራል፤ አዲሱ ካልሲ በስብሷል።

«ሙቺ! ለውሻ ነው የምጥልሽ!» አልኩ። ንፍጧን ጠረግኩላት።

በመስታወቱ በኩል ስክሪኑ ላይ አስተያየቱ ሲንከባለል አየሁ። «ኧረ እሬቷ እያናፈጠቻት ነው!» «ዝናቡ ከሳፋ ነው የሚመጣው፣ ወይኔ!» «ፍቅረኛው ይሄ ነው? አሥር ዓመት ያፈሰስኩትን እንባ መልሱልኝ!» ይባስ ብሎ ደግሞ በሬዲዮ ብቻ የሚሰሙት እያለቀሱ ነው። አንዱ እንዲህ ጻፈ፦ «አባቴ ሳሎን በሬዲዮ እየሰማ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል፣ እኔ ጓዳ በስልክ እያየሁ በሣቅ ወድቄያለሁ፣ እናቴ ማናችንን ታባብል?» አለቃችን ከመስታወቱ ወዲያ እየዘለለ ነው። እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ! በዚያች ደቂቃ ሣቁ ተጋባብኝና ልብስ ሰፊዋን ጨርሶ ረሳኋት።

ትዕይንቱ እንዳለቀ አለቃችን ሳይነግረን የስልኩን መስመር ከፈተው። «የመጀመሪያዋ ተመልካቻችን በመስመር ላይ ናት! ሃሎ!»

«ሃሎ» አለ ድምፁ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

አልቃሻዋ ይኼን ጊዜ ደግሞ እኔን ደገፈችኝ።

«ለእሬቷ ነው ጥያቄዬ» አለች። «ጉንፋንሽ ተሻለሽ ወይ?»

አገር ምድሩ እየሰማ ነው፤ በጆሮውም በዓይኑም። አለቃችን ግራ ተጋብቶ ትከሻውን ሰበቀ። እኔም በገዛ ድምፄ፣ ወረቀት ሳልይዝ፣ «ፈራሁሽ» አልኳት። «ልጄ ልጅሽን ያጣል ብዬ ፈራሁ። ዋሸሁሽ። ስድስት ወር ሙሉ ዋሸሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጆቹን ተያቸው።»

ልብስ ሰፊዋ እንዲህ አለች፦

«እኔ አማት ነበረችኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖርኩ፤ አንድ ቀን መልሼላት አላውቅም። ዓይኗን ስታፈጥ አንገቴን እደፋለሁ። ሞተች። ያልመለስኩት ሁሉ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከዚያ አንቺ በሬዲዮ መጣሽ፤ ለሷ ያልመለስኩትን ላንቺ ስመልስ ኖርኩ። አንቺ ግን አትሰሚኝም። አሁን ትሰሚኛለሽ። በይ ስደቢኝ።»

«ምን?»

«እንደ እሬቷ ስደቢኝ! ልመልስልሽ!»

አለቃችንን አየሁት፤ እጆቹን እንደ ንፋስ ወፍጮ ያሽከረክራል። አልቃሻዋን አየኋት፤ «በርቺ» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«እቺ ናት ሙያተኛ!» አልኩ በእሬቷ ድምፅ። «ጨርቅ ስትለካ የምትውል፣ ምላሷን ለመለካት ክንድ ያጠራት!»

«ያንቺን ምላስ ለክቼ ነው ሜትሬ ያለቀው!» አለች።

ጎረቤቶቿ ከኋላዋ ሲያጨበጭቡ ተሰማ። እኛም ሣቅን፤ ሰውዬአችን ማጠጫውን ጣለው።

«ቤቴን ሳትጠርጊ ረፈደብሽ!»

«ጠርጌው ነበር! አንቺ ስትገቢ ቆሸሸ!»

ፍቅረኛው በሣቅ ብዛት ቀበቶው ተበጠሰ፤ ቦርጩ በቀጥታ ሥርጭት ነፃ ወጣ። አስተያየቱ ከመብዛቱ የተነሣ ማንበብ አልተቻለም። እኔም ሞቅ ብሎኝ፣ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የእኔ ስለሆነ፣ የክፉ አማት ሁሉ ትልቁን ስድብ አወጣሁ፦

«ልጄን ቀማሽኝ!»

የጎረቤቶቿ ጭብጨባ ተቋረጠ።

«አልቀማሁሽም» አለች ቀስ ብላ። «አብረን ልንወደው ነበር የመጣሁት። በሩ ላይ የቆምሽብኝ አንቺ ነሽ።»

ይህን ለሞተችው አማቷ እንጂ ለእኔ እንዳልተናገረችው ገብቶኛል፤ ግን የሚሰማላት ሌላ ሰው የለም፣ እኔ ሰማሁላት። ስልኩ ተዘጋ። አለቃችን «ሠርጉስ? ሠርጉስ?» እያለ የሕዝቡን ጥያቄ ያነብልኛል። እኔም ስለ ሠርጉ ከሕዝቡ የበለጠ የማውቀው ነገር የለኝም! በስቱዲዮ ነጠላ ጫማዬ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ወዴት እንደምሄድ ሳይጠይቀኝ፣ «ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው?» አለኝ። ከቤቷ ደጅ የተሰበሰበው ሰው መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሳይሳሳት አደረሰኝ።

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀልኝ። ልብስ ሰፊዋ የበሯ ደፍ ላይ ቆማለች፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፣ ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። ሰላም አላለችኝም።

«ልጄን ምን ልታደርጊያት ነው የምትወስጂያት?» አለች። «ተናገሪ።»

«ልወዳት ነው» አልኩ። በሙሉ ድምፄ ነው ያልኩት፤ ወደ ኋላ ያሉት ሁሉ ሰሙ።

እየተናገርኩ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኝ ነበር። ከዚያ ገለጠችና ትክ ብላ አየችኝ።

«እያየሁሽ ድገሚው።»

«ልወዳት ነው» አልኩ። በዚህኛው ጊዜ ድምፄ ተሰበረ፤ በትወና የማሳምረው ነገር አልተገኘም።

ከበሩ ዞር አለችልኝ።

«ግቢ በይ» አለች። «ልጆቹ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀው ትንፋሻቸውን ይዘዋል፣ ታፍነው እንዳይሞቱብን።»