ስልሳ ሦስት በመቶ

ኮምፒውተሩ እንደገና ጠፋ፣ እዚያው ቦታ፣ ስልሳ ሦስት በመቶ ላይ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ፋኑ ጭጭ ይላል፣ ከዚያ ምንም እንዳላጠፋ ሰው ራሱን ቀስቅሶ ይነሳል፣ የሚጣ ታላቅ እህት ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ትደፋለች። ሥዕሉ ከብዶት ነው ሚጣ፣ ዛፎቹን ልቀንስለት መሰለኝ። ሚጣ በሩ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ዛፎቹ አይደሉም። በይ ተናገሪ። ዛፎቹ አይደሉም እኔ ነኝ በይ፣ አምስት ቃል እንኳ አይሞላም።

ለበጎ ነበር እኮ። እህቷ የመመረቂያ ሥራዋን፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍቱን ንድፍ፣ ፎቶ ወደሚመስል ሥዕል ለመቀየር ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያጓራ አየች፣ የፕሮሰሰርን ፍጥነት ባዮስ የሚሉት የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ መጨመር ይቻላል ሲባል ቪዲዮ ላይ ሰማች፣ ሲሉ ሰምታ እንዲሉ፣ ባለፈው ሳምንት ማንም ሳያያት ገብታ አርባ ሁለት የሚለውን ቁጥር አርባ አምስት አደረገችው። ሠራ። እህቷ ኮምፒውተሬ ወጣትነቱ ተመለሰለት ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አወራች። እዚያ ላይ እጅሽን ብትሰበስቢ ምን ነበረበት? አርባ ስምንት፣ ቮልቴጁንም፣ ፋኑንም፣ ሚሞሪውንም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ የቱ ስንት እንደነበር አንዷን ቁጥር እንኳ ወረቀት ላይ ሳታሰፍር። ብልጥ ነሽ አሉ።

ስልክ ይጮሃል። የመመረቂያ ሥራዋን የሚያየው መምህር ነው፣ እህቷ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች፣ ከአሥር ሰዓት ካለፈ አልቀበልም ሲል እዚህ ድረስ ይሰማል። ሚጣ ወንበሩ ላይ ትወጣለች፣ ሪስታርት፣ ዲሊት ዲሊት ዲሊት፣ ያ የተረገመ የባዮስ ሰማያዊ ገጽ። ቮልቴጁን ከፍ ስታደርገው ሙቀቱ ዘጠና አራት ይገባል፣ ዝቅ ስታደርገው ጭራሽ አልነሳም ይላል፣ ሲጠግብ ይቃጠላል ሲርበው ይሞታል፣ ምን አባቱ ነው የሚፈልገው። ከታች አንድ መስመር አለ፣ ሁሉንም እንደ መጀመሪያው መልስ የሚል። አትነካውም። ከመለሰችው ይንቀራፈፋል፣ ከተንቀራፈፈ እህቷ ለምን ትላለች፣ ለምን ካለች አለቀ። አርባ ሰባት ይሁን። የጫማ ድምፅ። ታስቀምጣለች፣ ትወርዳለች፣ በሩ ሥር ናት።

እህቷ አሥራ ሁለት ዛፍ ትሰርዛለች። ሃያ ደቂቃ። ጠፋ። አግዳሚ ወንበሮቹን ትሰርዛለች፣ ከጥላው ሥር ተቀምጠው የሚያነቡትን ልጆች ትሰርዛለች። ጠፋ። አሁን አታለቅስም፣ ይሻል የነበረው ብታለቅስ ነው። መምህሩ እኮ ነግሮኝ ነበር ትላለች፣ የማትችይውን ነው የምትንጠራሪው አለኝ፣ ልክ ነው። የአትክልት ቦታውን በሙሉ ምልክት አድርጋ ታጠፋዋለች፣ ፊቷን ልትታጠብ ትሄዳለች።

ልክ አይደለም። ልክ አይደለም ይኼ። ሚጣ ሰማያዊው ገጽ ውስጥ ትገባለች፣ ያቺን የታች መስመር ትጫናለች፣ እሺ፣ አርባ ሁለት፣ ይንቀራፈፍ፣ ገደል ይግባ።

እህቷ ተመልሳ እንደገና ታስጀምረዋለች። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት። ስልሳ አራት።

እህቷ ትስቃለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልሳቀችውን፣ የሚጣን ትከሻ ትይዛለች። አየሽ፣ ዛፎቹ ነበሩ፣ ሁለተኛ አንድ ዛፍ አልተክልም፣ ሁለተኛ አልንጠራራም። ስክሪኑ ላይ ሕንፃው ራቁቱን ቆሟል፣ መጋዘን ነው የሚመስለው፣ ልጅ የሚገባበት አይመስልም። ማንም አያውቅም። ዝም ብትይ ማንም፣ መቼም፣ ተስተካክሏል፣ ያለቀ ነገር ነው፣ እህቷም ደስ ብሏታል፣ በደስታ ቀኗ ምን አግብቶሽ፣ ግን ሁለተኛ አልንጠራራም አለች፣ እሱን አለች፣ እሱን ይዛ ትኖራለች እኮ። ገና ስምንት ሰዓት ነው። የትናንቱ ቅጂ ፍላሹ ላይ ከነዛፎቹ አለ። ስልሳ ስድስት። ስልሳ ሰባት፣ ትገድለኛለች፣ ትግደለኝ፣

እታለም፣ አቁሚው። ዛፎቹን መልሺያቸው። እኔ ነኝ።