የወርቅ ፈላጊው ሳል

በደርግ ጊዜ ምትኩ ወደ አዶላ ወርዶ ለወርቅ ፍለጋ አለት ሲሰረስር ዓመታት ኖረ። ላፍቶ ወዳለው ቤቱ ሲመለስ ሳል ጠንቶበት ነበር። ሐኪሙ ሚስቱን ፀሐይወርቅን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «የድንጋይ ብናኝ ሳንባውን በልቶታል፤ መድኃኒት የለውም» አላት። ለባሏ ሳትነግረው ፌጦም ማርም ሞከረች፤ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን የሥራ ጓደኛው ቸኮል ሊጠይቀው መጣ።

«ምትኩ፣ አንተ የሰረሰርክበት ቦታ ወርቅ ተገኘ! መንግሥት የማዕድን ማውጫ ሊከፍት ነው።»

ምትኩ ከአልጋው ቀና ብሎ ሳቀ። «ፀሐይዬ፣ ሰማሽ? ትንሽ ሲሻለኝ እመለሳለሁ። ሲከፈትማ ቆሜ ማየት አለብኝ!» ሳሉ አፈነው።

ፀሐይወርቅ ጀርባውን ደግፋ ያዘችው። «እሺ፣ ትመለሳለህ» አለችው። ቸኮል ፊቷን ሲያይ ገባውና አንገቱን ደፋ።