የዳክዬ ቆጣሪዋ

እኛ ደሴት ላይ፣ በኖርዌይ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ የባሕር ዳክዬ ሲመጣ ሰው ድምፁን ይቀንሳል። ከሚያዝያ ማለቂያ እስከ ሰኔ አይሮጥም፣ ልብስ ውጭ አይሰጣም፣ ውሻ ይታሰራል። ዳክዬዎቹ እኛ በሠራንላቸው ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ እኛ ባነጠፍንላቸው ደረቅ የባሕር ሣር ላይ እንቁላላቸውን ይታቀፋሉ። ጫጩቶቻቸውን ይዘው ሲሄዱ የተዉልንን ለስላሳ ላባ እንሰበስባለን። ኑሯችን ይኸው ነው።

አባቴ ቶርላይቭ ይህን ሥራ ስልሳ ዓመት ሠርቷል። በየዓመቱ የታቀፉትን ቆጥሮ በሰማያዊ ደብተር ይጽፋል፤ በዓይኑ ያላየውን ጽፎ አያውቅም። ወገቡ ሲከዳው ባሕሩ ማዶ ያለው የአረጋውያን ቤት ገባ፣ ደብተሩን ይዞ። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪዋ እኔ፣ ጸሐፊው እሱ ሆንን።

እሱ በሄደበት ዓመት ስልሳ አንድ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ሠላሳ። ይህንኑ ልነግረው ስገባ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እርሳሱን ቀርጾ ይጠብቀኛል።

«እሺ ጉንቮር፣ ስንት መጡልን?»

«ስልሳ ሦስት» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

«ጎሽ። ከጀልባው ቤት ሥር የምትታቀፈዋስ?»

«እሷም አለች።»

እንዲህ ተጀመረ። ዳክዬዎቹ ሰባት ሲቀሩ የአባቴ ደብተር ሰባ ደረሰ። ሽማግሌ ባስደስት ማንን እጎዳለሁ ብዬ ነበር፤ ቂል ነኝ።

አምና በመስከረም አንድ የዓሣ እርባታ ድርጅት መረቦቹን ዳክዬዎቹ ጫጩት ይዘው በሚዋኙበት ጠባብ ባሕር ላይ ልዘርጋ አለ። ስብሰባ ተጠራ። የቀሩት ሰባት ናቸው፣ ይህ ከመጣ ያልቃሉ ልል ሄድኩ። አባቴ ከፊት ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ክራቫት አስሮ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ስቴናር ሰማያዊውን ደብተር ከፍ አድርጎ ያሳያል።

«ጋሽ ቶርላይቭ ደብተራቸውን አውሰውናል» አለ። «ዳክዬው እንደ ጉድ እየተራባ ነው። መረቡ ምን ያደርገዋል?»

ብድግ አልኩ። «የመጨረሻዎቹ ዓመታት ቁጥር ውሸት ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያሉት ሰባት ናቸው።»

«አይ ጉንቮር» አለ ስቴናር። «ስልሳ ዓመት ሲታመን የኖረ ደብተር፣ መረብ ሲመጣ ውሸት ሆነ?»

አዳራሹ ሳቀ። አባቴ ዞሮ አየኝ። ፊቴን ሲያይ ገባው፤ እኔም እንደገባው አየሁ፤ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«እውነቷን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ያላየሁትን ጽፌያለሁ።»

«ለልጅዎ ማድላትዎ ነው ጋሼ፤ አንፈርድብዎትም» አለና ስቴናር ድምፅ አሰጠ። እጅ ያላወጣነው አራት ነበርን።

መረቡ የበረዶው ወራት ሳያልፍ ተዘረጋ። የሞተር ጀልባዎቹ ከንጋት እስከ ማታ ይጮኻሉ። ያም ሆኖ በሚያዝያ የባሕር ሣሩን አድርቄ በየቤቱ አነጠፍኩ፣ ውሻዬን አሰርኩ፣ እስከ ሰኔ በሹክሹክታ አወራሁ።

ከዚያ ወደ አባቴ ሄድኩ። ጢሙን አልተላጨም። ደብተሩ መስኮቱ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ስንት መጡ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ራሴው ጀመርኩ።

«አባዬ፣ ዘንድሮ አንድም አልመጣም።»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

«ይሄኛውንስ» አለኝ፣ «ማን ደስ ይበለው ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?»