ጋቢና ውስጥ አይተኛም

«ተኝታ እያለች ነው የሄደችው፣ ምንም አላመማትም» አሉ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ሻያቸውን ፉት ብለው። «እንዲህ ያለውን ሞት ለሁላችን!»

ጥሩምባ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀጥ አለ። ጥሩምባ የክርስትና ስሙ እንዳይመስላችሁ፤ አፉ ስለማያርፍ ይቺው አሁን የሚለቀስላት ታላቅ እህቱ ያወጣችለት ነው። ለቅሶው ከተቀመጠ ወዲህ ግን ባትሪው እንዳለቀ መኪና ጭጭ ብሏል። እንባም ጠብ አላደረገም። ሰዉ «ደንግጦ ነው፣ ተዉት» ይላል። እሱ አልደነገጠም። አላመነም እንጂ።

«እትዬ፣ ተኝታ ነበር ብሎ ማን ነገረዎት?»

«መቶ አለቃ ናቸዋ!»

ጡረተኛው መቶ አለቃ ከለቅሶ ቤቱ ወንበሮች ደህናውን መርጠው ተቀምጠዋል። አስከሬኑን ካመጣው መኮንን ጋር የተነጋገሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ወሬው የግል ንብረታቸው ሆኗል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሊነጋጋ ሲል ነው። ቋጥኝ ተንዶ ሐዲዱ ላይ ተጋድሟል። ባቡሩ ሄዶ ገባበት። በዚያ ሰዓት መንገደኛ የሚባል ሁሉ እንቅልፍ ላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ግንባር አምቡላንስ ነድታ፣ ጥይት ሳይነካት፣ ለእረፍት ስትመጣ! ተኝታ አለፈች፣ በቃ።»

«እንግዲያስ እሷ አይደለችም» አለ ጥሩምባ።

አባቱ ከጥግ ሆነው፣ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ «ሻዩን ቅዳ ልጄ» አሉ።

ቀዳ። ትንሽ መቶ አለቃው ሱሪ ላይ ፈሰሰ። በስህተት ነው እንበል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጦርነቱ በፊት የአባትየው ጉልበት ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲል፣ የጭነት መኪናውን መሪ ለሴት ልጃቸው ሰጡ። ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጅቷ ደግሞ አጭር ናት፤ ትራስ ደልድላ ነው የምትቀመጠው። ከፊት ለፊት ለሚያያት መኪናው በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሲሳቅባት የመኪናውን ጥሩምባ አንባርቃ የሳቀውን ቦይ ውስጥ ትጨምረዋለች። ትምህርት ቤት አልስማማ ያለውን ወንድሟን ረዳት አደረገችው።

ሕጓ አንድ ነበር፦ ጋቢና ውስጥ አይተኛም። «ሾፌር የሚገድለው እንቅልፍ አይደለም፣ ጎኑ የሚያንኮራፋ ሰው ነው» ትላለች። የረዳት ዋና ሥራው ጭነት ማሰር ሳይሆን ማውራት ነው። ዓይኑ ቡዝዝ ሲል አናቱ ላይ ኩርኩም! እሱም ወሬ ሲያልቅበት ያችኑ አሮጌ ቀልድ ያወጣል። «አንድ ሰውዬ አህያ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ትራፊክ ያስቆመውና…» ገና መጨረሻው ሳይደርስ እሷ መሪውን እየደበደበች ትስቃለች። መቶ ጊዜ ሰምታ መቶ ጊዜ እንደ አዲስ።

እሷ ራሷ መንገደኛ ስትሆንማ ለጉድ ነው። አውቶቡስ ከተሳፈረች ከሾፌሩ ጀርባ ተጎልታ፣ «እህቴ በፈጠረሽ» እስኪላት ድረስ ትለፈልፍበታለች። ታዲያ ይቺ ሴት ናት ባቡር ላይ የተኛችው?

ሣጥኑ ደግሞ አይከፈትም ተባለ። ያለ የሌለ ልብሷን የምታውስ ሰው ናት፤ ካፖርቷን የለበሰች ሌላ ምስኪን ብትሆንስ? ደሞም የማታደርገው የላትም። አንድ ቀን ከመኪናው ሥር እግሯን ዘርግታ ሞታ ጠብቃዋለች። እሱ ጮሆ ሰፈሩን ካሰባሰበ በኋላ ከሥር ሳቋ መጣ። እና አሁንም፣ ሰው «ያጽናችሁ» እያለ በገባ ቁጥር፣ ጥሩምባ ጆሮውን የሚቀስረው ለሳቋ ነው። ቤት ሙሉ ሰው መሀል አንድ እንኳ አብሮት የሚጠብቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወታደር መጣች። ክንዷ በፋሻ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዉ ተነሳላት። አባትየውን ጉልበታቸውን ስማ፣ ቀና ስትል፣ «ጥሩምባ የቱ ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ። ይዟት ወደ ጓሮ፣ መኪናው ወደቆመበት ወጣ።

«አብረሻት ነበርሽ?»

«አብረን ነበርን። መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ።»

«ተኝታ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። ተኝታ ነበር?»

ሴትዮዋ ሳቅ አመለጣት። «የተኛሁትስ እኔ ነኝ። ነቅንቃ ቀሰቀሰችኝና ‹ይሄ ባቡር ነጂ ረዳቱ ታሞ ቀርቶበታል አሉ፣ ጎኑ ማን አለ?› አለችኝ። ‹ባቡር እኮ ሐዲድ አለው፣ አርፈሽ ተኚ› ብላት፣ ‹ሐዲድ ወሬ አይችልም› አለችና በየፉርጎው እየዘለለች ወደ ፊት ሄደች። ከኋላ የነበርነው ተረፍን።»

ጥሩምባ የመኪናውን ጎማ ተደገፈ። በዓለም ላይ እንዲህ የምታደርግ አንድ ሰው ብቻ ናት።

«እሷ ናት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ነጂውን ሆስፒታል አየሁት፣ ነፍሱ አለች። ቋጥኙን ሲያዩ ስለ አህያ ታወራለት ነበር አለኝ። ትራፊኩ ሰውዬውን ‹መንጃ ፈቃድ› እስከሚለው ድረስ ደርሳ ነበር። አላስጨረሳትም።»

«አላስጨረሳትም» አለ ጥሩምባ።

ወታደሯ ባልታሰረው እጇ ትከሻውን ጨበጥ አድርጋው ወደ ቤት ተመለሰች። ከውስጥ የመቶ አለቃው ድምፅ ይሰማል፤ «ተኝታ…» እያሉ ለአዲስ እንግዳ ይተርካሉ።

የጋቢናውን በር ከፍቶ ወጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ትራሷ አለ፤ መሀሉ እንደጎደጎደ ነው። መሪው ዝም፣ ማርሹ ዝም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እና እታለም፣ ትራፊኩ ‹መንጃ ፈቃድ› ሲለው፣ ሰውዬው አህያዋን ዞር ብሎ አያትና… ‹ጌታዬ፣ እኔ ረዳት ነኝ። ሾፌሯ እሷ ናት› አለው።»

መሪውን የደበደበ የለም።

ራሱን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። ከዚያ፣ የማይተኛበት ቦታ ላይ፣ አውቆ ዓይኑን ጨፈነና ኩርኩሙን ጠበቀ።