ጅራት ያወጣው ግስ

ለጥገና ክፍል ሠራተኞች በሙሉ፦ ከዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ የእንግሊዝኛ ግስ ሁሉ ጅራት እንዲያወጣ ተወስኗል። የጅራቱ ስም «ኢንግ» ነው። ያለ «ኢዝ» ብቻውን ሲዘዋወር የተገኘ ጅራት ማርክ ያስቀንሳል።

ውሳኔውን ያሰማችን ድርጅቱ የቀጠረልን አስተማሪ ናት፤ ልጃችን የምትሆን ቀጭን ሴት። የአዲሶቹ ሊፍቶች መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለመጣ፣ ፈተናውን የወደቀ ወደ ጥበቃ ይዛወራል ተብለናል። ከሁላችን የባሰ የፈራው፣ ጋሽ ሊፍት የምንለው አንጋፋው የሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሽቦ ሲፈታና ሲያስር የኖረ እጅ፣ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ሊውል ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ እጁን አውጥቶ «መጣሁ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቀ። አስተማሪዋ ሳቀች። እኛ ገና ካልጋ ሳንወርድ «መጣሁ» ብለን ነገሩን እንደምንጨርሰው፣ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ውሸት እንደማያውቅ፣ ሰውዬው እስኪደርስ ድረስ «ካሚንግ» እንደሆነ አስረዳችን። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ፣ እንግዲያው የኔ ባል ዕድሜ ልኩን ካሚንግ ነው ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ጋሽ ሊፍት አልሳቀም። ደብተሩ ላይ «ማይ ዋይፍ ኢዝ ካሚንግ» ብሎ ጻፈና በማስመሪያ አሰመረበት።

አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ሚስቱ አምና የምርመራ ክፍል በር ላይ ቦርሳዋን አስይዛው፣ «መጣሁ» ብላ ነው የገባችው። የወጣው ሐኪሙ ነው። ቀብሯ ላይ እንኳ ያን ቦርሳ ከብብቱ የሚያስለቅቀው ሰው አልተገኘም።

የፈተናው ቀን፣ ደብተራችን ላይ የጻፍናቸውን ዐረፍተ ነገሮች ወደ ኃላፊ ጊዜ እንድንቀይር ታዘዝን። እሱ ዝናቡን አሳለፈ፣ ሞተሩን አሳለፈ፣ ጎረቤቱን ሳይቀር አሳለፈ። አንዱን ዐረፍተ ነገር ግን እንዳለ ተወው። ለማለፍ የጎደለውም ያው አንድ ማርክ ነበር።

አስተማሪዋ አዝናለት ወረቀቱን ይዛ መጣች።

«ጋሽዬ፣ አንድ ቃል እኮ ናት። ‹ኢዝ›ን ‹ዎዝ› ያድርጓትና ይለፉ።»

«አላደርግም።»

«ያውቁታል እኮ፤ ሌሎቹን ሠርተዋቸዋል።»

«አውቀዋለሁ።»

እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ታዲያ ለምን?» አለችው።

እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሞ የደረት ኪሱ ላይ ሰካው።

«አልናገርም።»