ከሁለት ሰዓት በታች

«ሁለት ሰዓት ከአርባ አንድ ደቂቃ» አለች ልጅቷ፣ ስልኳን ወደ አጎቷ እያዞረች። «ሦስት ጊዜ አየሁት። ስሙም የሱ ነው፣ የደረት ቁጥሩም የሱ ነው።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ልብስ ሰፊ አፉ ውስጥ የነበረውን ሻይ ለመዋጥ ጥቂት ጊዜ ፈጀበት።

አባቷ የተቀበረው ዛሬ ጠዋት ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰቡ ወንበሮች ተሞልቷል፤ አንዱ ፕላስቲክ፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ ደግሞ ከፀጉር ቤት የመጣ የሚሽከረከር ሆኖ፣ እሱ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ሳያስበው ዞሮ ግድግዳ ሲያይ ይገኛል። የሟች ባለቤት ጥግ ካለው ሶፋ ላይ ናት። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፤ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ በላይ ከአፏ ቃል አልወጣም። ልጅቷ ግን ሥራ ይዛለች። በሦስተኛው ቀን፣ ወንበሮቹ ወደየቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት፣ የአባቷን የሕይወት ታሪክ ለለቀስተኛው ታነባለች። ጽፋ ጨርሳ ለአጎቷ እያሳየችው ነው። አጎት ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ለነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ማስረጃ ይጠይቃል።

«ግማሽ ማራቶን ከሁለት ሰዓት በታች ሮጧል ብለሽ ጽፈሻል፤ ደቂቃው ስንት ነው?» ያላት እሱ ነው። ደቂቃውን ልትፈልግ ወደ ውድድሩ ድረ ገጽ ገባች፤ ያገኘችው ይኸው ነው።

«እንግዲያው አውጪው» አለ አጎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስም ከመቃብር በላይ ነው። የሩጫ ሰዎቹም ይመጣሉ፤ እነሱ ፊት የማይሆን ነገር አይነበብም።»

«እሱ እኮ አይደለም የከፋኝ። ሁለት አርባ አንድ ቢለኝስ ምን እለው ነበር? እንኳን ሮጦ፣ እየተራመደ ቢጨርስም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዓይን ዓይኔን እያየ "ከሁለት ሰዓት በታች ገባሁ" አለኝ። ሌላ ምን ምን ዋሽቶኝ ይሆን?»

እስክሪብቶዋን አነሳችና መስመሩን ሰረዘችው።

ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ አየ። ሟቹ አልዋሸም። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ሮጧል። ይህን የሚመሰክር ሰርተፍኬትም አለ፤ በመስታወት ተከቶ ከልብስ ስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ችግሩ የተጻፈበት ስም የልብስ ሰፊው መሆኑ ነው።

ሊሄድ ሲነሳ ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የዚያን ቀን አብረውት ነበሩ። በስንት ነው የገባው?»

የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ።

«ለካ እርስዎ ቀድመውት ገብተዋል» አለች ራሷ መልሳ። «አላዩትማ።»

ልብስ ሰፊውም፣ ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲለካ የኖረ ትልቅ ሰው፣ በአዎንታ ጭንቅላቱን ነቀነቀላት። መንገድ ከገባ በኋላ ራሱን ሰደበ። ነገር ግን ራስን መስደብ ለማንም አልጠቀመም፣ ለሱም አልጠቀመውም።

*

ሟቹ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ነገ የሚመጣ ጠጋኝ ስንት አለ? እሱ ይመጣ ነበር። ኮምፕረሰሩ የተቃጠለ እንደሆነ «ይሄ አልቆለታል፣ አትድከሙበት» ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል እንጂ፣ ጋዝ ሞልቼበታለሁ እያለ ሰው አያታልልም። ልጁ ያደገችው እንዲህ ያለውን ሰው አባቴ እያለች ነው። ስለዚህ ያቺ አንዲት የተሰረዘች መስመር ቀላል መስመር አልነበረችም።

ከልብስ ሰፊው ጋር የተዋወቁት በሱሪ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወገብ ሊያስጠብብ ሲመጣበት፣ ልብስ ሰፊው አላስችል አለው።

«ወንድሜ፣ አይክፋህና፣ ሐኪም አይቶሃል?»

«እሮጣለሁ እንጂ ደህና ነኝ። አንተም ና። በዚህ ሆድህ መርፌ ሲወድቅብህ እንዴት አድርገህ ነው የምታነሳው?»

ልብስ ሰፊው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ስልኩ ጮኸ። በማግስቱም። በሳምንቱ መጨረሻ፣ ስልኩ እንዳይጮህበት ብሎ፣ ተነስቶ ጫማውን አሰረ። ደወል የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ያኔ ነው። ደወልም በፈንታው መርፌ አለው።

ሦስተኛዋ የሩጫ ጓደኛቸው ነርስ ናት፤ ሲስተር ይሏታል። የሌሊት ተረኛ ሆና ባደረች ቁጥር ጠዋት ከሆስፒታል እስከ ቤቷ በሩጫ ትመለስ ነበር። «አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝና ከሰፈሬ አልፋለሁ፤ እየሮጠ የሚተኛ ግን እስካሁን አላየሁም» ትላለች። አንድ ጠዋት ከኋላቸው ደረሰችባቸው፤ ቀደመቻቸው፤ ደወል እልህ ይዞት ተከተላት፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ሆኑ።

ሰባት ዓመት ሮጡ። ደወል ፈጣን ነበር። ወደፊት ይሄድና፣ ልብስ ሰፊው ሲርቅበት ዞሮ ተመልሶ ይመጣል፤ ከጎኑ ትንሽ ሮጦ፣ ስለ ደንበኞቹ ፍሪጅ አንድ ሁለት ሐሜት ነግሮት፣ እንደገና ይፈተለካል። «ሰው የሚደብቀውን ሁሉ አልጋ ሥር ያደርጋል ይላሉ፤ ሐሰት ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያደርገው» ይል ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በሁለት ሳምንት ሕመም ከአልጋ ሳይነሳ ቀረ። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያስብ ይናደዳል፤ በማን እንደሚናደድ ግን አያውቅም።

*

በሁለተኛው ቀን ልብስ ሰፊው የሚያሠለጥናቸው ጀማሪ ሯጮች መጡ። አሥራ ሁለት ናቸው። ሰርተፍኬቱ ከተሰቀለ ወዲህ፣ ልብስ ሊያሰፋ የገባ ሁሉ እያየ «እርስዎ እንዲህ ነዎት እንዴ?» ሲል፣ ልብስ ሰፊው አዎም አይደለሁምም ሳይል ቀስ በቀስ የሰፈሩ አሠልጣኝ ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ ያሰልፋቸዋል፤ ፊሽካ ሳይቀር ገዝቷል። ዳቦ ጋጋሪው ከሁሉም ይበልጥ ያምንበታል።

ዳቦ ጋጋሪው ሐዘንተኞቹን እጅ ከነሣ በኋላ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አሠልጣኝ፣ ልጅቷ ስትናገር ሰማኋት። ሁለት አርባ አንድ ነው አሉ። እርስዎን ትንሽ ቢሰማዎት ኖሮ እኮ እሱም ያሻሽል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

ሲስተር በዚያ በኩል ቆማ ቡና ትቀዳ ነበር። ሰማች። ፔርሙሱን አስቀመጠች፤ ልብስ ሰፊውን በኮቱ እጅጌ ይዛ ወደ ወጥ ቤት አስገባችው።

«ሰማኸው ያለውን?»

«ሰምቻለሁ።»

«ልጅቷ ስትጠይቅህስ ምን አልካት?»

«ምንም አላልኳትም። ነቀነቅሁ።»

«ነቀነቅሁ!» አለች ጠረጴዛውን መትታ፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «የሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው እንኳ ስጠይቀው ይመልስልኛል። አንተ ጤነኛው ትነቀንቃለህ!»

«ሲስተር፣ ደወል ራሱ እኮ ነው ተወው ያለኝ።»

«ለግድግዳህ ነው የተወው እንጂ ለልጁ አይደለም። ምን እንዳለ ረስተኸዋል?»

አልረሳውም። ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ የሦስቱንም የደረት ቁጥር የሰፋው እሱ ነበር። ሌላው ሯጭ ሁሉ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ ይይዛል። ልብስ ሰፊው ግን «እኔ በሕይወት እያለሁ በጓደኞቼ ካናቴራ ላይ ቀዳዳ አይከፈትም» ብሎ፣ ሰዓቱን የሚይዘውን ቺፕ መርፌ እንዳይወጋው ቁጥሮቹን በጀርባቸው ገልብጦ፣ በቀጭን ክር ጥንቅቅ አድርጎ ሰፋቸው። ስፌቱ እንከን አልነበረውም። ተገልብጠው ስለነበር ሳያይ የራሱን ቁጥር ለደወል፣ የደወልን ለራሱ ሰፍቶ ከመገኘቱ በቀር።

በማግስቱ ብርድ ስለነበር እስከ መነሻው ድረስ ጃኬት ደርበው ሄዱ፤ ቁጥሩን ያስተዋለ አልነበረም። ልብስ ሰፊው እዚያ ቆሞ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አላቸው። «በየዓመቱ ላባችሁ ደርቆባችሁ፣ እየተንቀጠቀጣችሁ እኔን ትጠብቃላችሁ። በቃኝ። ከነገ ጀምሮ እንቅልፌን እተኛለሁ።» ተኩሱ ተተኮሰና ሮጡ።

ልብስ ሰፊው በመጨረሻ ሲገባ ሁለቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር። ስልካቸው ላይ መልእክት ደርሷል። ሲስተር መጀመሪያ አነበበች፤ ከዚያ መልእክቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከደረታቸው ጋር አስተያየች፤ ጉዱ ያኔ ፈላ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ደግሞ አልፈታ ብሎ ነው ያዋረደን!» አለች። ደወል ሳቁ አላቆም ብሎት አስፋልቱ ላይ ተንጋለለ። ልብስ ሰፊው ግን የገዛ ስሙ አጠገብ አንድ ሃምሳ ስምንት የሚል ቁጥር አይቶ ስለማያውቅ፣ የሱ አለመሆኑን እያወቀ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደወል ይህንን አየና ሳቁን አቆመ።

«ሂዱና አዘጋጆቹን አስተካክሉ በሏቸው» ስትል ሲስተር፣ ደወል እንቢ አለ።

«አይስተካከልም። መርፌ፣ ወረቀቱን ውሰድና ስቀለው። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ሰው ደግሞ ሩጫ አያቆምም። ነገ ስደውል ካልተነሳህ እነግርብሃለሁ።»

«አንተስ?» አለችው ሲስተር።

«እኔ የሮጥኩትን አውቀዋለሁ። ማታ ለልጄ እነግራታለሁ። እሷ ካመነችኝ ወረቀት ምን ያደርግልኛል?»

ሲስተር አሁን ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ይህንን ሁሉ እንደሚያስታውስ ከፊቱ አነበበች። ቁጣዋ በረደ።

«እኔ ልነግራት እችላለሁ» አለችው። «ግን የመናገሩ ዕዳ ያንተ ነው።»

*

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ሳሎኑ ሞልቶ እስከ ደጅ ተቆመ። ጀማሪዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ልጅቷ ከእናቷ ሶፋ አጠገብ ቆማ ማንበብ ጀመረች። የት እንደተማረ፣ የመጀመሪያውን ፍሪጅ እንዴት ፈትቶ መግጠም እንዳቃተው፣ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደተገናኘ አነበበች። ሰው ሳቀም፣ አለቀሰም።

«አባቴ ሩጫ ይወድ ነበር» አለች። ቀጥሎ ያለችው የተሰረዘችው መስመር ናት። ልጅቷ ትንፋሽ ወስዳ ልትዘላት ስትል ልብስ ሰፊው ብድግ አለ።

«ቆይ የኔ ልጅ። አትዝለይው።»

«የቱን ጋሼ?»

«የሰረዝሽውን። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው የሮጠው። ሁለት አርባ አንድ የኔ ነው። ቁጥሮቹን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ፤ አቀያይሬ ሰፋኋቸው። ሱቄ ውስጥ የሰቀልኩት ወረቀት የአባትሽ ነው። እኔ ይህን ሰዓት ሮጬው አላውቅም፤ የምሮጠውም አይመስለኝም።»

አጎት መነጽሩን አወለቀ።

«ለዚህ ማስረጃ አለ?»

«እኔ ምስክር ነኝ» አለች ሲስተር ከበሩ በኩል። «ከፈለጉ እጄን አንስቼ እምላለሁ።»

ልጅቷ ከልብስ ሰፊው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «ከትናንት በስቲያ በሩ ላይ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሽኛል። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። እሱ አንድም ቀን አልዋሸሽም።»

ሦስት ቀን ሙሉ የከበደው ነገር፣ ከአፉ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ወሬ መውጣቱ ራሱን ገረመው። ወደ ጀማሪዎቹ ዞረ። «ለቅዳሜ ሌላ አሠልጣኝ ፈልጉ» አላቸው።

ጀማሪዎቹ ተያዩ። ዳቦ ጋጋሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለምን ይፈለጋል? እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ሃምሳ ስምንትን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ሁለት አርባ አንድ ግን እኛም እንደርስበታለን።» ከጥጉ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ወንበር ለወንበር ተዛመተ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ወረቀቷን የሶፋው ክንድ ላይ አስደግፋ መስመሩን እንደገና ጻፈችው፤ ደቂቃውንም ሴኮንዱንም ጨመረችበት። ጮክ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አጎቷም አንድ ጊዜ ይበቃል አላላትም። ከዚያ ወረቀቷን አጠፈች።

«ሲገባ ያየው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ሲስተርና ልብስ ሰፊው ተያዩ። ሁለቱም ከኋላው ነበሩ።

«ሲገባ አላየነውም» አለ ልብስ ሰፊው። «ጀርባውን ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ።»

«እንዴት ነበር የሚሮጠው? እኔ አንድ ቀን እንኳ ተነስቼ አላየሁትም። ሁልጊዜ ተኝቼ ነበር።» እዚህ ላይ፣ ሦስት ቀን የያዘችው ለቅሶ አመለጣት።

ልብስ ሰፊው ምን ብሎ እንደሚያስረዳት ግራ ገባው። ስለ ልብስ ቢሆን ቃል ያውቃል። በመጨረሻ ኮቱን አወለቀና ለዳቦ ጋጋሪው ሰጠው። መሐል ወለሉ ላይ ቆመ፤ አንገቱን ትንሽ ወደፊት ሰበቀ፤ ሁለት ክንዶቹን አጥፎ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ ካለበት ሳይነቃነቅ መሮጥ ጀመረ። እንደ ራሱ እየተንፏቀቀ ሳይሆን እንደዚያ ሰው፣ ቀለል ብሎ፣ ወለሉን በጣቶቹ ብቻ እየነካ። ማንም አልሳቀበትም።

ከሶፋው ላይ የሟች ባለቤት ተነሳች። መንገድ ለቀቁላት። ልብስ ሰፊው አጠገቡ ስትደርስ ሩጫውን አቆመ፤ ክንዱን ሊያወርድ ሲል ያዘችው።

«እንደሱ አይደለም» አለች፤ ከቀብሩ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «በየማለዳው በመስኮት አየው ነበር። ግራው ከዚህ ከፍ ይላል።»

የልብስ ሰፊውን ግራ ክርን በሁለት እጇ ያዘች። ትንሽ ከፍ አደረገችው። ራቅ ብላ አየችና ጥቂት ጨመረችበት። ልክ ሲሆን፣ እዚያው እንደያዘችው ቆመች።